የሆላንዱ ሹም ጺም

ሮማ፣ መስከረም 3 ቀን 1970 ዓ.ም.

ከግድግዳ የወረደ ሰው ሥዕል የት ይገባል? የዚያን ሰሞን አዲስ አበባ የነበረ ሁሉ ይህን ሳይጠይቅ አልቀረም። በ1967 መስከረም የጃንሆይ ፎቶ ከሱቁም፣ ከትምህርት ቤቱም፣ ከጠጅ ቤቱም በአንድ ጊዜ ጠፋ። ያን ሁሉ ፍሬም ማን ወሰደው? አባቴ የኛን ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው አቆሙት። እናቴ “አቃጥለው፣ ታስጨርሰናለህ” ስትላቸው፣ “እንዴት አድርጌ? ዓይን አለው እኮ” አሉ።

ዛሬ ይህን ያስታወሰኝ አንድ ሆላንዳዊ ነው። ሲኞራ ሎሬዳና የምትባል መበለት ከአያቷ ቤት ያገኘችውን የዘይት ቅብ በብርድ ልብስ ጠቅልላ ሥዕል ወደምናድስበት ቦቴጋችን አመጣች። ጥቁር የለበሰ፣ ሰፊ ነጭ አንገትጌ ያደረገ፣ ጺሙ ደረቱ ላይ የወረደ ሰው። “የሦስት መቶ ዓመት ዕቃ ነው። ሆላንዳዊ መጽሐፍ ነጋዴ ነበረ ይላሉ” አለች።

ጋሼ ሬናቶ መብራቱን በጎን አስጠግተው ብዙ አዩትና በአማርኛ፣ ለኔ ብቻ፣ “ይሄ ሰውዬ መጽሐፍ ሸጦ አያውቅም፤ አቋቋሙ የሹም ነው” አሉ።

ጋሼ ሬናቶ አሠሪዬ ናቸው። አባታቸው ጣሊያን፣ እናታቸው የጉለሌ ሴት። አማርኛቸው ከኔ ይጠራል፤ ሲናደዱ ብቻ ወደ ጣሊያንኛ ይሻገራሉ። ሐምሌ ላይ ከሥዕል እድሳት ትምህርት ቤት ስመረቅ የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው። ስኮላርሺፔ አልቋል፤ ፔርሜሶዬም፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ያልቃል። ከዚያ በፊት ስሜን የሚያስጠራ አንድ ሥራ መሥራት አለብኝ። ይሄው መጣ።

በሥዕሉ ግራ ጥግ ላይ ድፍን ቡናማ ቀለም ተለቅልቋል። ብርሃኑን በጎን ስታደርገው ከሥሩ የፊደል ጉብታ ይታያል። ስም ነው! አንድ ሰው ስሙን ሆን ብሎ ሸፍኖታል። እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

መስከረም 12

ሐሙስ። ሮማ ያሉት የሐበሻ የቤት ሠራተኞች ከሰዓት በኋላ እረፍት ስለሆኑ ቪያ ቮልቱርኖ ያለችው የእትዬ ትበርህ ምግብ ቤት ጢም ብላለች። ውባንቺ መጣች። ፓሪዮሊ ሰፈር አንዲት ሲኞራ ቤት ትሠራለች፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ደርሳ ነው ያቋረጠችው። ስለ ሆላንዱ ሹም ስነግራት፣ “አንተ ዓባይነህ፣ ከሕያዋን ጋር መቼ ነው የምታወራው?” ብላ ሳቀችብኝ። ካንቺ ጋር አሁን እያወራሁ አይደለም ወይ? አላልኳትም።

ከምንቀመጥበት ጠረጴዛ በላይ ግድግዳው ላይ አንድ አራት ማዕዘን ነጣ ብሎ ቀርቷል። ፎቷችን የለም። ሚያዝያ 1968 እዚህ ሮማ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ሰልፍ ስንወጣ ደረጃው ላይ የተነሣነው ነው። ተማሪውም ሠራተኛውም አለበት። “ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ” የሚለውን ጨርቅ በአንድ ጫፍ የያዘችው ውባንቺ ናት። እትዬ ትበርህ እንደ ልጆቻቸው ሠርግ ፎቶ ነበር የሰቀሉት።

“እትዬ፣ ፎቷችንስ?”

“ፀሐይ በላው ብዬ አወረድኩት። አንተ ብላ፣ ይቀዘቅዝብሃል።”

መስኮቱ ግን ወደ ሰሜን ነው። ፀሐይ ገብቶበት አያውቅም።

መስከረም 20

በጥድፊያ። ሙከራ አደረግን። ጥጥ በስንጥር ጠቅልለን፣ አኳራጅና አልኮል ቀላቅለን። ቡናማው ለቀቀ! ከዚያ የጺሙን ጫፍ ነካ አደረግሁት፤ ጥጡ ጠቆረ። ጺሙ የራሱ አይደለም። በኋላ ነው የተቀባለት። ጮህኩ። ጋሼ ሬናቶ፣ “ፒያኖ፣ ፒያኖ፤ ቀስ በል። ሰው ቀሰቀስክ እንጂ ሎተሪ አልወጣልህም።”

መስከረም 29

ዛሬ እሑድ ጋሼ ኃይለመለኮት ሻይ ጋበዙኝ። ከመጡ ዓመት የማይሞላቸው፣ ካፖርታቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ የት እንደሚሠሩ እኛም የማንጠይቃቸው እሳቸውም የማይነግሩን ሰው ናቸው። እትዬ ትበርህ ቤት ከማንም ቀድመው ገብተው ከማንም ኋላ ይወጣሉ። ሁሉንም በስም ያውቃሉ።

“ዓባይነህ፣ አገር ቤት እኮ ያረጀ ሥዕል የሚያድን ሰው የለም” አሉኝ። “ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሙዚየሙ፣ ሁሉም እያፈሰሰ ነው። አንድ ክፍል ሊከፈት ነው። ኃላፊ ይፈለጋል። የተማረ፣ ወጣት።”

እኔ! የራሴ ክፍል፣ የራሴ ተማሪዎች፣ በር ላይ ስሜ። እየሮጥኩ ነው ወደ ቤት የገባሁት። በዚያ ሁሉ ውስጥ አብዮቱን አንዴም አላነሱትም። እንዲያውም ይሄ ነው ደስ ያለኝ።

ጥቅምት 3

ጋሼ ኃይለመለኮት አንድ ፎቶ በፖስታ አድርገው አመጡልኝ። ያው የሰልፉ ፎቶ ነው፤ ሌላ ኮፒ መሆን አለበት። የሮማ ሐበሾችን ትዝታ የሚሰበስብ አልበም እያዘጋጁ ነው። “እርጥበት በልቶት፣ ልጆችም ቧጭረውት ተበላሸ። ያንተን እጅ ይፈልጋል። ለክፍሉ ኃላፊነትም እንደ ናሙና ሥራ ይሆንሃል” አሉኝ።

ጉዳቱ ይገርማል። ጨርቁ ደህና ነው፣ ደረጃው ደህና ነው፣ ጫማችን ሳይቀር ይታያል። የተቧጨረው ፊት ፊቱ ብቻ ነው። እርጥበት እንዲህ አይመርጥም፤ እንግዲህ ልጆች ይሆናሉ። ጀርባው ላይ የደረቀ የወጥ ጠብታ አለ። ወጥ ደግሞ በየቤቱ አለ።

ከሥሩ የቀረ መልክ የለም። ግን እኔ እዚያ ነበርኩ! ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። በቀጭኗ ብሩሽ፣ በግራጫ ቀለም፣ ከትዝታዬ እመልሳቸዋለሁ። ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ፈተና አልሰጡንም።

ጥቅምት 9

ቀን የሹሙን ጺም አነሣለሁ፣ ማታ የጓደኞቼን ፊት እመልሳለሁ። እንዲህ ያለ ደስታ አላውቅም። የውባንቺን ፊት ለመጨረስ ማስታወስ እንኳ አላስፈለገኝም፤ እጄ ያውቀዋል። ግራ ቅንድቧ ከቀኙ ከፍ ይላል። የራሴን ትንሽ አሳመርኩት። ማን ያውቃል።

አንዱ ብቻ አስቸገረኝ። ከኋላ የቆመው፣ ባለመነጽሩ ወልደጊዮርጊስ፣ አሁን ፖንቴ ማሞሎ በኩል ግንበኛ ጋር የሚሠራው። የዚያን ጊዜ ሪዝ ነበረው ወይስ አልነበረውም?

ጥቅምት 10

ውባንቺን ጠየቅኋት።

“በሰልፉ ጊዜ ወልደጊዮርጊስ ሪዝ ነበረው እንዴ?”

ሹካዋን አስቀመጠች። “ምነው?”

“እንዲሁ።”

“እንዲሁ የሚባል ጥያቄ በዚህ ዘመን የለም፣ ዓባይ።” ዙሪያዋን አየች። ጋሼ ኃይለመለኮት ጥግ ላይ ጋዜጣ ያነባሉ። “አላስታውስም። አንተም አታስታውስ።”

ሰው በትንሽ ትልቁ የሚፈራበት ጊዜ ሆነ። ሪዝ አደረግሁለት። ያምርበታል።

ጥቅምት 13

አስረከብኩ። ጋሼ ኃይለመለኮት ፎቶውን መስኮቱ ጋ ወስደው ፊቱን አንድ በአንድ በጣታቸው እየነኩ አዩት። የሚያውቋቸውን ሳይቀር “ይሄ ማነው? ይቺስ?” እያሉ፣ እኔም እየተናገርኩ። ለአልበሙ ስም ከሥር ይጻፋል አሉ። የራሴ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

“አንተም አለህበት?”

“ዳር ላይ ነኝ።”

“አይ፣ በደንብ ትታያለህ” አሉና ሳቁ። “እጅህ ይባረክ።”

ደስ አለኝ። ከዚያ በአውቶቡስ ስመለስ፣ እንጃ፣ መውረጃዬን አለፍኩ። አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር፣ እሱ ነው።

ጥቅምት 21

ጺሙ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ተነሣ። ከሥሩ የተላጨ አገጭ፣ ከከንፈሩ ሥር ያለች ጠባሳ፣ ከጥቁሩ ልብስ ላይ ደግሞ የሹመት ሐብል። መጽሐፍ ነጋዴው ሞተ፤ ሹሙ ተነሣ። ጥጉ ላይ ስሙ በወርቅ ቀለም ቁልጭ ብሎ ወጣ። ሲኞራ ሎሬዳና አጨበጨበች።

ጋሼ ሬናቶ ግን አላጨበጨቡም። ጥጉ ላይ ብቻ እንድናቆም ነበር የፈለጉት፤ ወደ ጺሙ የገፋኋቸው እኔ ነኝ። እሷ ከሄደች በኋላ ስለ ሰውየው ያነበቡትን ነገሩኝ። ከተማውን ያስተዳድር ነበር። በአንድ ክረምት ወደቀ። ከሱ ጋር የታየ ሁሉ ይታደን ጀመር፤ ሥዕሉ የተገኘበት ቤት ይመዘበር ነበር።

“አሎራ፣ እንግዲህ አንድ ቤተሰብ ይሄን ሥዕል ጓዳ ይዞታል። ምን ያድርግ?”

“ማቃጠል ነዋ።”

“ማቃጠል ያቃተው ሰው ነው ጺም የሚቀባ። ይሄን ጺም ያደረገለት ሠዓሊ ነው ብለህ ነው? ወዳጅ ነው። እየውና፣ ብሩሽ ይዞ አያውቅም።” ጺሙን ያነሣሁበትን ጥጥ ሁሉ ከቅርጫቱ ውስጥ አዩት። “አንተ ጎበዝ ነህ። ጉዳት ስታይ ግን ማን ጎዳው ትላለህ እንጂ፣ ለምን ሲል አትጠይቅም።”

ይሄን የሚሉት ስለ ሆላንዱ ነው። ስለ ሆላንዱ ብቻ ነው።

ጥቅምት 24

የውባንቺ እናት ታመዋል። የአውሮፕላን ቢሌቶ ቆርጣለች፤ ኅዳር መጀመሪያ ትሄዳለች። “ለወር ነው” አለች። ወልደጊዮርጊስ፣ “አብደሻል? እዚያ እኮ ሰው በየመንገዱ ዳር እየተጣለ ነው” አላት። “እኔ ማነኝና?” አለች። “የፓሪዮሊ ሳህን አጣቢ። ማን ያውቀኛል?”

እኔ ስለ ሆላንዱ ሹም ማውራት ጀመርኩ። ማንም አልሰማኝም።

ኅዳር 1

የሽኝት እራት። ሁሉ ነበር። ቀልድ ነበር። “ዶሮ ወጥ አገር ቤት ስትደርሺ አትንኪ፣ የእትዬ ትበርህን ያስረሳሻል” ተባለ። ከዚያ ውባንቺ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እትዬ ትበርህን ጠየቀቻቸው።

“እትዬ፣ ያ ፎቶ…”

“ስጋት አይግባሽ ልጄ። ነሐሴ ላይ ወሬው ሲከፋ አውርጄ በመርፌ ፋቅኩት። የእያንዳንዳችሁን ፊት። ማቃጠል አልሆነልኝም፤ ልጆቼን እሳት ውስጥ መጣል መሰለኝ። ከጓዳው መሳቢያ ነው ያለው። ፊትሽ የለም፤ በሰላም ሂጂ።”

ውባንቺ ተነሥታ ሳመቻቸው። “እንግዲያው ልቤ ዐረፈ” አለች። “እውነቴን ነው፣ እሱ ነበር የያዘኝ።”

ጋሼ ኃይለመለኮት ዛሬ አልመጡም። ወጡ ጨው በዝቶበት ነበር። እጄን ልታጠብ ሄጄ ቆየሁ። ጓዳው በር ክፍት ነው፤ መሳቢያውም ከዚያ ይታያል። አልከፈትኩትም።

ነገ እነግራታለሁ። መጀመሪያ ጋሼ ኃይለመለኮትን ልጠይቃቸው። አልበም ከሆነ አልበም ነው፤ ሰውን በከንቱ ማስደንገጥ ምን ያደርጋል? እናቷ እኮ ታመዋል።

ኅዳር 2

ጠየቅኋቸው። ሳቁ። “ምን መሰለህ ዓባይነህ? ወንድምህ ነኝ እኮ።” የሹመት ደብዳቤዬ በቅርቡ ይደርሳል አሉ። ደግሞም ከየት አመጡት ብዬ አልጠየቅኋቸውም። እንዴት ልጠይቅ? ሰውን ሌባ ማለት አይሆንም?

ኅዳር 4

ፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ። ነፋስ። ቫሊጃዋን እኔ ያዝኩላት። ሦስቴ አፌን ከፈትኩ።

“ምን ሆነሃል? ልታለቅስ ነው እንዴ?” አለች።

“ብርድ ነው።”

“ስመለስ የሹሙን ሥዕል ታሳየኛለህ። እንደ ደረስኩ ቴሌግራም አደርጋለሁ፣ እሺ?” ቅንድቧን ከፍ አደረገች፣ የግራውን፣ እኔ እንደሣልኩት። በሩ ውስጥ ገባች።

አልነገርኳትም። ለምን? ብነግራት ኃላፊነቴ ይቀርብኛል ብዬ ነው? አይደለም። እንዲህ አይደለሁም እኔ። ብርድ ነበር።

ኅዳር 15

ቴሌግራም የለም። ፖስታ ቤት፣ የለም። አሠሪዋ ሲኞራ ቤት ደወልኩ፣ የለም። አገር ቤት መስመሩ ተበላሽቶ ይሆናል። እትዬ ትበርህ መሳቢያቸውን ከፍተው ፎቶውን ፈለጉ። “ከአሮጌ ወረቀት ጋር ጥዬው ይሆናል” አሉ፣ ግን ከዚያ በኋላ መሳቢያውን ሁለቴ ተመልሰው ከፈቱት።

ጋሼ ኃይለመለኮት ምግብ ቤት መምጣት አቁመዋል።

ኅዳር 22

ወልደጊዮርጊስ ከሥራ እንደ ወጣ፣ ሲሚንቶው ሳይለቅ፣ ገባ። አንድ ከአዲስ አበባ በኬንያ በኩል ያመለጠ የሰፈሩ ሰው ትናንት ሮማ ደርሶ ወሬ አምጥቶለታል። ታናሽ ወንድሙን በሱ ፋንታ ቀበሌ ወስደውታል። ከመውሰዳቸው በፊት ለአባቱ የሰልፍ ፎቶ አሳይተዋቸዋል፤ “ይሄ ልጅዎ ነው?” ተብለው።

“አባቴ ምን ቢሉ ጥሩ ነው?” አለ ወልደጊዮርጊስ። እየሳቀ ነበር፣ እንዲህ ያለ ሳቅ ግን ሰምቼ አላውቅም። “‘መነጽሩ የሱ ነው፣ ቁመቱም የሱ ነው፣ ሪዝ ግን በዘመኑ አብቅሎ አያውቅም’ አሉ! እኔ ሪዝ! እዩኝ እስቲ፣ ሪዝ የሚያበቅል ፊት ነው ይሄ? አንድ የተባረከ ሰው ሪዝ አብቅሎልኛል!”

ቤቱ ሳቀ። ከዚያ ስለ ሪዙ መጠየቄን ውባንቺ የነገረችው አንድ ሰው ትዝ አለው መሰለኝ፤ ሳቁ ከወዲያ ጥግ ጀምሮ እየቆመ መጣ። እትዬ ትበርህ ያን ነጣ ያለ ግድግዳ አዩ፣ ቀጥለው እጄን አዩ። እጄን ከጠረጴዛው ላይ አነሣሁ።

ያን ሪዝ ለማጥቆር ሦስት ጊዜ ነው የተመለስኩበት። ያምርበታል ብዬ።

ታኅሣሥ 2

ደብዳቤው መጣ፤ ማኅተም ያለው። “የክፍል ኃላፊ።” የአውሮፕላን ቢሌቶም አብሮ። ለጥር። በርሬ ሄጄ ላቅፈው የነበረ ወረቀት ነው። ሳነበው “በደንብ ትታያለህ” ያሉት ድምፅ ይሰማኛል።

ለጋሼ ሬናቶ ሁሉንም ተናገርኩ። የሆላንዱ ሹም በንጹሕ አገጩ፣ በስሙ፣ በሐብሉ ከላያችን ተቀምጦ ያዳምጠናል። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ብሩሻቸውን አጥበው ጨረሱ።

“ይሄ በአኳራጅ አይነሣም” አሉ።

“አውቃለሁ።”

“ፎቶው ላይ ያሉት ሁሉ ያውቃሉ?”

“አያውቁም።”

“ካልነገርካቸው ቀጥሎ ማን ነው አገሩ የሚሄደው?”

አበራሽ። የገና ሰሞን ትሄዳለች፤ ልጇን ልታይ። ከሁለተኛው ረድፍ መካከል ናት። ሻሿን ሳይቀር ሥዬላታለሁ።

ታኅሣሥ 5

ነገ ሐሙስ ነው፤ ሁሉም ይመጣሉ። ቆሜ በቃል መናገር ስለማልችል እዚህ ጽፌ አነባለሁ። ቢተፉብኝም አንብቤ ልጨርስ።

ሚያዝያ 1968 ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ደረጃው ላይ አብራችሁኝ የቆማችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እትዬ ትበርህ ፊታችሁን በመርፌ ሸፍነውላችሁ ነበር። የገለጥኩት እኔ ነኝ። በብሩሽ፣ አንድ በአንድ፣ እየኮራሁ፤ ስማችሁንም ከአፌ አውጥቼ ለኃይለመለኮት የሰጠሁት እኔ ነኝ። ውባንቺ ፊቷ የለም ብላ አምና ስትሄድ እዚህች ጠረጴዛ ላይ ነበርኩ፤ ሰምቻለሁ፤ ዝም አልኩ።

አበራሽ፣ እባክሽ አትሂጂ። ማንም አይሂድ። ወንድም ያለው ለወንድሙ፣ እኅት ያለው ለእኅቱ ሰፈር እንዲቀይሩ ዛሬውኑ ይላክላቸው፤ በኬንያም ይሁን በጅቡቲ፣ ሰው የምታገኙ ንገሩኝና አብሬ ልሩጥ። የኔን ቢሌቶ ቀድጄዋለሁ። ፔርሜሶዬ ሲያልቅ የሚሆነው ይሁን።

ስለ ውባንቺ የሰማ፣ በቀበሌም ይሁን በሆስፒታል፣ በሕይወትም ይሁን በሌላ፣ ስሟ ሲጠራ ብቻ እንኳ የሰማ፣ እባካችሁ ንገሩኝ። ልታናግሩኝ ባትፈልጉ ለእትዬ ትበርህ ንገሩልኝ። ሐሙስ ሐሙስ ከዚያ ነጣ ካለው ግድግዳ ሥር እቀመጣለሁ።